ኦቦ ዲሪርሳ የቀበሩት ብልቃጥ

ሰበታ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዘንድሮ የሱሉልታ ውርጭ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ አንቺው ጋ ነው። ያን ወፍራም ጋቢ ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊበት፤ ልበሺው። ላማችን ጉራቲ ወለደች ወይስ ገና ናት? ገብሱስ ተወቅቶ ገባ? ወንድሜ ሌንጮ ያግዝሻል ወይስ እንደ ልማዱ ኳስ ሊያይ ይጠፋብሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስታለች ብለሽ እንዳታስቢ፤ እንዲያውም የፋሲካው ቀሚሴ ጠቦኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ አልሰማ ሲልሽ ድምፁን ትለቂዋለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ የምነግርሽን ጎረቤቱ ሁሉ ካንቺ ቀድሞ ይሰማዋል። ይሄን ግን ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው ፈልጌ ነው። ልጅ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት የለየሽውን ፊደል ጣትሽን ከመስመሩ ሥር እያስኬድሽ ስታነቢ አይሽ ነበር፤ ስለዚህ አንባቢ አትፈልጊም። የአክስቴ ልጅ ጂጂ ታደርስልሻለች። ረጅም ነው፣ እያረፍሽ አንብቢው።

ሥራሽ ምንድነው ስትይኝ ሁልጊዜ "ኦፕራሲዮን ክፍል ነኝ" ብዬ አልፍሻለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። ሐኪም ከሰው አካል ላይ እብጠት ቆርጦ ሲያወጣ ሥራው በዚያ አያልቅም። የወጣው ነገር ክፉ ይሁን ደግ በዓይን አይለይም። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ እንከተውና አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለው መልስ ከዚያ ነው የሚመጣው። ናሙና ነው የምንለው። ናሙናው ከጠፋ ወይ ከተበላሸ፣ ያ ሰው ለምን እንደተቆረጠ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ታዲያ ይሄን የሚያህል ነገር አዲስ አበባ የሚያደርሰው ማን ነበር መሰለሽ? የበሽተኛው ቤተሰብ ነበር። ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል አድርገን፣ ወረቀቱን ጨምረን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱም ሚኒባስ ተሳፍረው ይሄዳሉ። እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር፤ ሌላ መንገድ አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንዱ ታክሲ ውስጥ ረስቶት ወርዷል። አንዷ ደግሞ ፎርማሊኑ ቢሸታት ደፍታው በንጹሕ ውሃ ሞልታ ወሰደችው፤ ላቦራቶሪ ሲደርስ በስብሶ ነበር። እንዲህ ያለው ሲገጥመን እናዝንና ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ወርቅቱ የምትባል ሴት ከተጂ መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም፤ ዝምተኛ ናት፣ ስትጠየቅ እንኳ ባሏን ነው የምታየው። ጡቷ ላይ እብጠት ነበራት። ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ዕድላዊት አወጣችላት፤ ቆሜ መሣሪያ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ባሏ ኦቦ ዲሪርሳ ጤፍና ሽንብራ የሚያርሱ፣ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው ነው የዋሉት። እንደ ልማዱ ብልቃጡ ተሰጣቸው።

ስፌቷን ልታስፈታ ስትመጣ ዶክተር ዕድላዊት የላቦራቶሪውን መልስ ጠየቀች። ኦቦ ዲሪርሳ የምን መልስ እንደሆነ አልገባቸውም። የሰጠናችሁን ብልቃጥ የት አደረሳችሁት ስትላቸው፣ የሚገባውን እንዳደረገ ሰው ቀና ብለው "ቀበርኩት" አሉ።

አማርኛው ሲያጥራቸው በኦሮምኛ ቀጠሉ፣ እኔም ለዶክተሯ አስተረጎምኩ። "የሚስቴን ሥጋ ፌስታል ውስጥ አድርገው ሰጡኝ። ይዘህ ሂድ አሉኝ፣ ይዤ ሄድኩ። የሰው ሥጋ ታዲያ ምን ይደረጋል? ለውሻ አይጣል። ቄሱን አስፈቅጄ ከእናቴ መቃብር አጠገብ ቀበርኩት" ነው ያሉት።

እማዬ፣ በሳቸው ልፈርድ አልቻልኩም። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያው ነበር የምታደርጊው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የት እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚወሰድ ቁጭ ብሎ በሚሰሙት ቋንቋ የነገራቸው ሰው የለም።

ዶክተር ዕድላዊት ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። ክፉ ከሆነ ሌላው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት። ክፉ ካልሆነ ደግሞ ያን ፀጉር የሚያረግፍ፣ ሰው የሚጥል መድኃኒት በግምት መስጠት ግፍ ነው። ሳታውቅ አትሰጣት፣ ሳታውቅ አትተዋት። በዚህ መሐል አንድ ነገር መጣልኝና ኦቦ ዲሪርሳን "ከብልቃጡ አውጥተው ነው ወይስ ከነብልቃጡ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እንኳን ልከፍተው ላየውም አልደፈርኩ፤ ከነብልቃጡ ነው" አሉኝ። ዶክተር ዕድላዊት ቀና አለች። ክዳኑ ካልተከፈተ፣ ፎርማሊኑ ካልፈሰሰ፣ ከአፈር ሥር ቢሆንም አልተበላሸም ማለት ነው።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ካሳሁን ግን መቃብር ለማስቆፈር መኪና አልሰጥም አሉ። ዶክተር ዕድላዊት ብትለምናቸውም "ነገ ጋዜጣ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ" ብለው እምቢ አሉ። ሙሐመድአሚን የሚባል ሹፌር አለን፤ ከደም ባንክ ደም የሚያመጣልን እሱ ነው። ቡራዩ ነው ያደገው፣ ቤተሰቡም እዚያው ነው። በር ላይ ቆሞ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ነበርና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው፣ የወንድሜን መኪና አመጣለሁ፣ አንቺ ሰዎቹን አስማሚ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አራታችንም ወደ ተጂ ሄድን፤ እሱ፣ እኔ፣ ወርቅቱና ባሏ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ኦቦ ዲሪርሳ ወረዱና ቆሙ። "አልሆነልኝም። የተቀበረ አይወጣም፤ እናቴ እዚያ ተኝታለች" አሉ። እኔ ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ በሽታው አስረዳኋቸው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳኋቸው። እየተናገርኩ በሄድኩ ቁጥር ፊታቸው እየተዘጋ ሄደ።

ሙሐመድአሚን ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እሳቸውንም "ኦቦ፣ አረፍ ይበሉ" አላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ስለ አባቱ ነገራቸው። አባቱ ስኳር ነበረባቸው፤ አንድ እግራቸው ሲቆረጥ ሆስፒታሉ እግሩን አምጥቶ ለሱ አስረከበው። "ክንዴ ላይ ታቅፌ ወሰድኩት። ከሰፈራችን ሰዎች ጋር ዱዓ አድርገን ቀበርነው። እና እርስዎ ያደረጉት እኔ ያደረግኩትን ነው፤ ማንም ሊነቅፍዎ አይችልም። ግን የአባቴ እግር ምን እንደነካው ይታወቅ ነበር። የባለቤትዎ አልታወቀም" አላቸው። ቀጠለና "መልሱ ይውጣ እንጂ፣ የተረፈውን እኔው ራሴ መልሼ አመጣልዎታለሁ፤ እዚሁ ቦታው ይመለሳል" ብሎ ቃል ገባላቸው።

ያኔ ነው ወርቅቱ የተናገረችው። እስከዚያች ሰዓት ድምፅዋን በደንብ ሰምቼው አላውቅም። "የምታወሩት ስለ እኔ ሥጋ ነው። ሆስፒታልም፣ ቤትም፣ እዚህም አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ልጆቼን ማሳደግ እፈልጋለሁ። አውጡት" አለች።

ቄሱም መጡ። እሺ ይሉናል ብዬ አልጠበቅኩም። ጉዳዩን ሰምተው ወርቅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና "ልጄ፣ አንቺ በሕይወት አለሽ። ላንቺ ነፍስ የሚበጅ ከሆነ ይውጣ" አሉ።

የቆፈሩት ራሳቸው ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው። ልቆፍርልዎ ላላቸው ሰው ሁሉ ዶማውን አልሰጥም አሉ። የተጂ ጥቁር አፈር በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፤ ድንጋይ ነው። ሙሐመድአሚን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀን። ብልቃጡ ሲወጣ በነጭ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ የሕፃን ልብስ ነበር የሚመስለው። ፈታሁት። ክዳኑ ግጥም እንዳለ ነው፣ ፈሳሹም አልጎደለም፣ በጎኑ ላይ የጻፍነው የወርቅቱ ስምም ይነበባል። ወርቅቱ አንዴ አየችውና ዞር አለች። ኦቦ ዲሪርሳ ቁራጩን ነጠላ ከእጄ ወስደው አራግፈው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ስንመለስ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የመጣሁት። ሙሐመድአሚን ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ በመስታወት ያየኝ ነበር። ሰኞ ደም ሊያመጣ ሲሄድ አብሬው ሄድኩና ላቦራቶሪው አደረስነው። የተቀበለችን ጠይባ የምትባል ልጅ ናት። ክዳኑ ጥግ ላይ የቀረውን አፈር አይታ ይሄ ምንድነው ስትለን ሙሐመድአሚን "ተቀብሮ ነው የመጣው" አላት። ቀልዱን መስሏት ሳቀች፤ እውነቱን ስነግራት ብልቃጡን በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ።

መልሱ ካንሰር የሚል ሆኖ መጣ። ግን የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው፣ ገና አልተሠራጨም፣ ቶሎ መድኃኒት ከጀመረች ተስፋዋ ትልቅ ነው ይላል። ዶክተር ዕድላዊት ስታነብልን እያነባች ነበር። ያ ብልቃጥ እዚያው ተጂ ቢቀር ኖሮ ቁስልሽ ድኗል ብለን ወደ ቤቷ እንሸኛት ነበር፣ በሽታው ደግሞ ውስጥ ውስጡን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ከዛሬ ጀምሮ ናሙና ለቤተሰብ አይሰጥ፣ እኛው እናድርስ አልኩ። አቶ ካሳሁን መኪናውስ ከየት ይመጣል አሉኝ። መኪናማ አለ፤ ደም ሊያመጣ አዲስ አበባ በየጊዜው ይመላለሳል፣ ሲሄድ ባዶውን ነው የሚሄደው፣ ላቦራቶሪውም ከመንገዱ ብዙ አያስወጣውም አልኳቸው። አሰቡና "ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አላሰብነውም?" አሉ። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም አላውቀውም። ናሙናው የሚጓዝበትን ሳጥንና አፋቸው ሰፋ ያሉ አዳዲስ ብልቃጦችን ያስፈቀዱልን እሳቸው ናቸው፤ መኪናውን በከለከሉን ጊዜ የያዝኩባቸው ቂም ያን ቀን ለቀቀኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ግን ጉድ ነበር። ዓለም ገና ላይ መኪናው ሲዘል አንዱ ብልቃጥ ተገለበጠ፣ ክዳኑም በደንብ አልጠበቀ ኖሮ ፎርማሊኑ ፈሰሰ። ናሙናው አልተጎዳም፣ ትርፍ ፎርማሊን ይዘን ስለነበር ቶሎ ሞላንለት፤ እኛ ግን ዓይናችን እንደ ሽንኩርት ላጭ እያነባ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ አቧራውን እየጠጣን ነው አዲስ አበባ የደረስነው። ጠይባ ስታየን ሰው ሞቶባችሁ ነው ወይ አለችን።

በሳምንቱ ሙሐመድአሚን ያረጀ የፍራሽ ስፖንጅ ይዞ መጣ። የእኛ ዓቢይ ጾምና የነሱ ረመዳን የገጠመበት ጊዜ ነበር። ሌላው ሰው ምሳ ሲወጣ ሁለታችን የምንሄድበት የለንም። በር ላይ ባለችው ጥላ ተቀምጠን ስፖንጁን በሳጥኑ ልክ ቆረጥነው፣ ለእያንዳንዱ ብልቃጥ መቀመጫ ጎድጓዳ አወጣንለት። እሱ ይለካል፣ እኔ በኦፕራሲዮን መቀስ እቆርጣለሁ። ስለ አባቱ ነገረኝ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ አባዬ ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ ተገልብጦብን አያውቅም።

አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው። ስሙ ብልቃጡ ጎን ላይ ይጻፋል፣ ክዳን ሊለዋወጥ ስለሚችል ክዳኑ ላይ አንጽፍም። በሽተኛው ገና ሳይገባ ቁጭ ብለን በሚሰማው ቋንቋ ከሰውነቱ የሚወጣው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ እንነግረዋለን። ምርመራው አልቆ የሚተርፈው እንዲመለስለት ከፈለገም እንጽፍለታለን። ይሄኛውን ያስገባነው በኦቦ ዲሪርሳ ምክንያት ነው። ቀድሞ አንዳንዱ ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኖ እንኳ መልስ አያገኝም ነበር፤ አሁን ስፌት ሳይፈታ መልሱ ይመጣል። የቡራዩ ሆስፒታል ሰዎች ሰምተው መጥተው አዩና የነሱንም ናሙና አብረን ማድረስ ጀመርን። ቀጥሎ ሱሉልታ ነው ተብሏል።

ሙሐመድአሚንም ቃሉን ጠበቀ። ላቦራቶሪው ሲጨርስ የተረፈውን አስፈቅዶ ተቀበለና ተጂ ወሰደው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ኦቦ ዲሪርሳ ያን ነጠላ አጥበው አስቀምጠውት ኖሯል። በሱው ጠቅልለው ከቦታው መለሱት። ወጥተው ሙሐመድአሚንን ትከሻውን ይዘው ሳሙትና በኦሮምኛ መረቁት፤ "ቤትህ ይሙላ፣ የምትወዳት አትጣብህ" አሉት። እሱ አሜን እያለ መሬት መሬት ያያል። ወርቅቱ ግን እኔን ነው ያየችኝ፣ ፈገግም አለች።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል መጥታ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሳለች። ፀጉሯ ተመልሶ በቅሏል፣ አጭር ነው፣ ያምርባታል። ሽንብራ በጆንያ ይዛልን መጣች፤ ዶክተር ዕድላዊት፣ እኔና ሙሐመድአሚን ተካፈልነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ አስተምረሽ ለዚህ ሥራ ያበቃሽኝን አንቺን አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የጻፍኩበትን ሌላውን ጉዳይ ልንገርሽ። ለገና የመጣሁ ጊዜ፣ ኦቦ ጃራ ለልጃቸው ስለጠየቁኝ ነገር ምን ልመልስላቸው ብለሽኝ ነበር። ኦቦ ጃራ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ለልጃቸውም እንከን አይወጣለትም። ግን አትጠብቁ በያቸው፤ በክብር፣ ሳታስቀይሚያቸው። ለምን ካሉሽ ምክንያቷን አላውቅም በያቸው፤ ሐሰት አይደለም፣ ይሄን ደብዳቤ እስክትጨርሺ ድረስ አታውቂውም። ሰው ምን ይላል እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። አንቺ ምን ትያለሽ የሚለው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ አስጨንቆኛል። አሁን ግን ልቤ አርፏል፤ ያረፈ ልቤን ይዤ ነው የምጽፍልሽ።

የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ፣ ብቻዬንም አይደለሁም። እንግዳው ካንቺ ጋር ለማውራት አይቸገርም፤ ኦሮምኛው ከኔ ይሻላል፣ ሽማግሌ ሲያናግር ድምፁን ከፍ አድርጎ በቀስታ ነው የሚናገረው። ሌንጮ ደስ ብሎት ዶሮ ለማረድ ሲነሣ ከልክይልኝ። ጾም ሆኖ አይደለም፤ የሱ እርድ ከእኛ ይለያል። ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ጉራቲ ወልዳ ከሆነ ደግሞ ከወተቷ፣ ይበቃናል። ሁላችንም ከአንድ ሳህን እንድንበላ እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ በጓሮሽም በደጅሽም ሰላም ያውልሽ። እሑድ በሩ ላይ ቆመሽ እስካይሽ ቸኩያለሁ።

የምትወድሽ፣
ልጅሽ